በሦስተኛው ጉድጓድ ስላለው ጆንያ

ለኮሶ በር የደረቅ ቆሻሻ መረከቢያ ጣቢያ ኃላፊ
የካ ክፍለ ከተማ፣ እንጦጦ ግርጌ

ቀን፦ ሰኔ 14 ቀን 2004 ዓ.ም.

አመልካች፦ ልደቱ ወልደ ኢየሱስ፣ ጡረተኛ

ጉዳዩ፦ በሦስተኛው ጉድጓድ ስላለው ጆንያ፣ በመዝገቡ ላይ ስለተጻፈ አንድ ቃል እና በጣቢያው በር ስለምትቀመጠው ባለቤቴ የቀረበ አቤቱታ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

1. ለጣቢያዎ ስጽፍ ይህ ሦስተኛው ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ አጫጭር ነበሩ፤ ያጠሩትም እውነቱ ስለጎደለባቸው ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ስለሆንኩ አቤቱታ እንዴት እንደሚነበብ አውቃለሁ። «ጉዳዩ» የምትለው መስመር ትነበባለች፤ ከዚያ ዓይን ወርዶ ፊርማው ላይ ያርፋል። መካከሉን የሚያነበው ጊዜ የተረፈው ሰው ነው። እኔም የስንቱን ሰው መካከል ሳላነብ «ቀርቦ ይታያል» እያልኩ መልሻለሁና ማንንም የምወቅስበት አፍ የለኝም። ይህችን አንዷን ግን እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ እለምንዎታለሁ።

2. የምፈልገውን አስቀድሜ ልናገር። ባለቤቴ ወ/ሮ የማርያምወርቅ ከጣቢያዎ በር ተነስታ ወደ ቤቷ እንድትመለስልኝ እፈልጋለሁ። ከሚያዝያ 22 ቀን ጀምሮ ከበሩ በስተግራ ካለው ድንጋይ ላይ ጥቁር ጃንጥላ ይዛ ትቀመጣለች፤ ዛሬ ኃምሳ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ዕድሜዋ ስድሳ አንድ ነው። ክረምቱ ገብቷል፤ ሳል ጀምሯታል። በሰሌዳችሁ ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ መሠረት ከሰኔ 20 ቀን ጀምሮ በበሩ አካባቢ ሰው እንዳይቆም ተከልክሏል፤ ሰኔ 25 ቀን ደግሞ ጉድጓዶቹ አፈር ለብሰው ጥድ ይተከልባቸዋል። እሷ ግን «ልጄ ከውስጥ እያለ የት እሄዳለሁ?» ትላለች። አእምሮዋ ደህና ነው። ይህን የምጽፈው ጥበቃዎቹ ሌላ ነገር እንዳይመስላቸው ብዬ ነው።

3. ልጃችን ለይኩን ልደቱ በ1991 ዓ.ም. በሃያ ዓመቱ ወደ ሰሜን ዘመተ። በሄደ ዕለት ቤት ውስጥ አውልቆ የተዋቸው ልብሶች እነዚህ ናቸው፦ ሰማያዊ የተማሪ ቤት ሹራብ፣ የግራ ክርኑ በፍም የተቃጠለ፤ ካኪ ሱሪ፤ ነጭ ካናቴራ፤ አንድ ጥንድ ሸራ ጫማ። ሲወጣ ለእናቱ «እማዬ፣ እንዳታጥቢያቸው፤ ስመለስ ራሴ አጥባቸዋለሁ» አላት። ይህን ያላት ሊያስቃት ነው፤ ያ ልጅ በዕድሜው አንድ ካልሲ እንኳን አጥቦ አያውቅም። እሷም ሳቀች። ከዚያን ቀን ወዲህ እነዚያ ልብሶች ውሃ ነክቷቸው አያውቅም።

በ1995 ዓ.ም. መርዶው ደረሰን። እድርተኞቹ ከደጃችን ድንኳን ተከሉ። በእኛ ዘንድ ሬሳው ያልመጣ ሰው ሲለቀስለት ልብሱ ይወጣል፤ ለቀስተኛው ልብሱን እያየ ያለቅሳል፤ ኋላም ልብሱ ለነዳያን ይሰጣል። የማርያምወርቅ ልብሱን አላወጣም አለች። «ባለቤቱ መጥቶ የሚያጥበው ልብስ ነው፤ ማንም አያለቅስበትም» አለች። ሴቶቹ ለመኗት፣ የነፍስ አባታችን መከሯት፣ በጄ አላለችም። ለቀስተኛው የሚያየው ነገር አጥቶ እርስ በእርሱ ሲተያይ ዋለ። ድንኳኑ በማግስቱ ተነቀለ። ስለዚህ ልጃችን አልተለቀሰለትም፤ ፍትሐት የለውም፤ ተዝካር የለውም፤ መቃብርም የለውም። ያለው ልብሱ የታሰረበት ጆንያ ብቻ ነበር።

4. ጆንያውን ከመኝታ ቤታችን ጣሪያ እንጨት ላይ ሰቀለችው። በየወሩ በ21፣ ከእንጦጦ ማርያም ቅዳሴ ስትመለስ፣ አውርዳ ልብሶቹን ከጓሮው ባሕር ዛፍ እስከ አጥራችን ድረስ በተዘረጋው ገመድ ላይ ፀሐይ ታስመታቸው ነበር። ሻጋታ እንዳይበላቸው ነው። እኔ በዚያን ጊዜ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ጠዋት ወጥቼ ማታ ስመለስ ሁሉም ነገር ተመልሶ ተሰቅሎ አገኘዋለሁ። ነገሩን ማየት የጀመርኩት በ1997 ዓ.ም. ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ለመሥሪያ ቤት የሚጻፍ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ያለ እሱ ያደረግሁት ነገር ትርጉም አይኖረውም።

በሰፈራችን ረፋዱ ላይ ከእንጦጦ ቁልቁል ነፋስ ይወርዳል። ነፋሱ ሲገባበት ያ ሹራብ ይሞላል። ደረት ያወጣል፤ ትከሻ ያወጣል። የተቃጠለው ክርን ይታጠፋል፤ ለይኩን አጥሩን ተደግፎ ሲቆም እንደሚያደርገው። ካኪው ሱሪ ከሥሩ እርምጃ ይጀምራል። አንድ ጊዜ፣ የካቲት ነበር፣ በመስኮት ሆኜ «ና ግባ፣ ብርድ ነው» ብዬ በሙሉ ድምፄ ተጣራሁ። የማርያምወርቅ ከገመዱ ሥር ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍል ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ባቄላዋ ተመለሰች። ነፋሱ ሲቆም ልብሱ ይወድቃል፤ ባዶ ይሆናል። እንዲህ እያለ በየወሩ በ21 ልጄ ሲመጣም አየሁ፣ ሲሞትም አየሁ። ሰባት ዓመት። እሷ የምታየው የመጣውን ነበር መሰለኝ፤ አንድ ቀን እንኳን ፈርታ አላየኋትም። እኔ ግን ፈራሁ። በየወሩ ቀኑ ሃያ ሲሆን እህል አልወርድ ይለኝ ጀመር። ይቅርብን ብዬ ልነግራት ደግሞ ድፍረት አጣሁ።

5. በዚህ ዓመት ሚያዝያ 3 ቀን፣ በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ፣ ባለቤቴ ለስግደት ቤተ ክርስቲያን ዋለች። ጆንያውን አወረድኩ። መጀመሪያ የሄድኩት ከሰፈራችን በታች ወዳለው ገደል ነው። አንድ ደንብ አስከባሪ አገኘኝና «አባባ፣ እዚህ መጣል ያስቀጣል። ኮሶ በር ይውሰዱት፤ ረቡዕና ቅዳሜ ይቀበላሉ፣ ዛሬ ክፍት ነው» አለኝ። በትሕትና ነበር የነገረኝ። አመስግኜው እንጨት ለቃሚዎቹ የሚወርዱበትን አቀበት ይዤ ወጣሁ። እነዚያ ሴቶች ከእነሸክማቸው ጎንበስ እንዳሉ ዳር ይዘው አሳለፉኝ። በእኔ ጀርባ ያለው ከእነሱ የእንጨት እስር ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ቢሆንም ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ።

6. የጣቢያው አሠራር እንከን የለውም፤ ይህ በማኅደሩ ይያዝልኝ። የበር ጠባቂው አቶ ዲንሳ አመዱን ወደ አንደኛው ጉድጓድ፣ የወጥ ቤት ትርፍራፊውን ወደ ሁለተኛው፣ ጨርቅና የፍራሽ ውስጡን ወደ ሦስተኛው ይመራሉ፤ ብረትና ፕላስቲኩ ለብቻ ይቀመጣል። ያመጣው ሰው ስሙን፣ ሰፈሩንና ያመጣውን ዓይነት በመዝገብ ጽፎ ይፈርማል። ከዚያ የራሱን ሸክም ራሱ ይጥላል።

አቶ ዲንሳ ጆንያውን በእጃቸው ዳበስ አድርገው «ጋሼ፣ የሚለበስ ነገር ካለበት ለሰው ቢሰጥ አይሻልም?» አሉኝ። «የሚለብሰው የለም» አልኳቸው። መዝገቡን ሰጡኝ። «አሮጌ ልብስ» ብዬ ብጽፍ ይበቃ ነበር። ከእኔ በፊት የጻፉት ሁሉ «አሮጌ ልብስ»፣ «ቡትቶ»፣ «የተቀደደ ብርድ ልብስ» ብለዋል። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ለምዝገባ ትክክለኛ ቃል ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝና ጥቂት አሰብኩ። አስቤም «የማያስፈልግ ልብስ፣ 1 ጆንያ» ብዬ ጻፍኩ። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ። ከዚያ ሄጄ ሦስተኛው ጉድጓድ ውስጥ ለቀቅኩት። ሲወድቅ ድምፅ አላሰማም። ጠብ ወይም ዱብ የሚል ነገር ጠብቄ ነበር። ቆሜ አዳመጥኩ፤ እስካሁንም የማዳምጥ ይመስለኛል።

7. ቤት ተመልሼ ሌላ ጆንያ በራሴ አሮጌ ልብሶች ሞላሁና በቦታው ሰቀልኩት። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ፋሲካን ከባለቤቴ ጋር ዋልኩ። አሥራ ስምንት ቀን ከራሴ ልብስ በታች ተኛሁ። ሥጋ ያለው ሰው ከታች ተኝቶ ልብሱ ከላይ ተሰቅሎ ሲያየው ምን እንደሚመስል ለሰው ማስረዳት ይቸግራል።

ሚያዝያ 21 ቀን የማርያምወርቅ ከቅዳሴ ተመልሳ ጆንያውን አወረደች። ገና አፉን ሳትፈታ ቆመች። አሸተተችው። «ይሄ ያንተ ነው፤ የልጄስ የታል?» አለችኝ። «የራሴን አሮጌ ልብስ ልጥል ብዬ ጆንያው ተሳሳተብኝ፤ ኮሶ በር ጣቢያ ነው ያለው» አልኳት። ዋሸኋት። እሷ ግን አመነችኝ። «ሰው አይደለህ፣ ሰው ይሳሳታል፤ ነገ ሄደን እናመጣዋለን» አለች። ምሳዬንም አቀረበችልኝ። እኔኑ አጽናናችኝ፣ ክቡር ሆይ። ያን ምሳ በልቼዋለሁ።

8. በማግስቱ አብረን ወጣን። አቶ ዲንሳ ሲያዩኝ አወቁኝ፤ እሷ «ተሳስቶ ነው፣ አባቴ» ስትላቸው ዞር ብለው እኔን አዩኝና ምንም አልተናገሩም። ስላልተናገሩ አመሰግናቸዋለሁ። ያለ ፈቃድ መቆፈር እንደማይቻል ነገሩን። ባለቤቴ ፈቃዱ እስኪመጣ ብላ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። በዚያን ጊዜ ማታ ማታ ወደ ቤት ትመለስ ነበር።

ግንቦት 2 ቀን ባመለከትኩት ላይ ጣቢያው የዕቃውን ዝርዝርና የባለቤትነት ማረጋገጫ እንዳቀርብ ጠየቀኝ። ለሞተ ልጅ ሹራብ የባለቤትነት ማረጋገጫ ምን እንደሆነ ብዙ አሰብኩ። ግንቦት 9 ቀን ዝርዝሩን ብቻ ጽፌ በድጋሚ አመለከትኩ። ግንቦት 16 ቀን መልሱ እንደ ልማዱ በበሩ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ክምሩ ውስጡ የጋለ ስለሆነ መቆፈር ለሕይወት እንደሚያሰጋ ይገልጻል። ቀጥሎም «አመልካች ልብሱን በራሳቸው እጅ የማያስፈልግ ብለው መዝግበው ያስረከቡ በመሆኑ ጥያቄያቸው ተቀባይነት አላገኘም» ይላል። ትክክለኛ መልስ ነው። እኔ በቦታው ብሆን ከዚህ የተለየ አልጽፍም ነበር።

የማርያምወርቅ ፊደል አልቆጠረችም። አቶ ዲንሳን አንብቡልኝ አለቻቸው። ግማሹን አንብበው ሲያቆሙ «ጨርሱት» አለች። ጨረሱት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቷ አልገባችም። ጨርቅ በመለየት ሥራ ላይ ያሉት ወ/ሮ አስካለች ከበሩ አጠገብ ስለሚኖሩ እሳቸው ዘንድ ታድራለች፤ ሲነጋ ድንጋዩ ላይ ናት። ልወስዳት ስሄድ የተናገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «የማያስፈልግ አልከው?» አለችኝና ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ወ/ሮ አስካለችን አስታርቁኝ ብዬ ለመንኳቸው። «ጋሼ፣ እኔ ደረቅ ጋቢ መስጠት እችላለሁ፣ ትኩስ ነገር ማቅመስ እችላለሁ። ቃሉን ግን የጻፉት እርስዎ ነዎት» አሉኝ።

9. ስለ እንፋሎቱም መጻፍ አለብኝ። ከዝናብ በኋላ፣ ጠዋት ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ ከሦስተኛው ጉድጓድ ነጭ እንፋሎት ይወጣል። ቀጥ ብሎ ጥቂት ይቆምና ይቋረጣል፤ ቆይቶ እንደገና ይወጣል። አቶ ዲንሳ የብስባሽ ሙቀት መሆኑን አስረድተዋል፤ እኔም አምናለሁ። የማርያምወርቅ ግን ለወ/ሮ አስካለች «ልጅ በብርድ ከደጅ ሲመጣ አፉ እንዲህ ነው» ብላቸዋለች። እኔ በየጠዋቱ ከበሩ ማዶ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ሆኜ፣ እሷ እንዳታየኝ ተጠልዬ፣ እሷንም እንፋሎቱንም አያለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ከወትሮው ረዘም ብሎ ወጣ። የሰው ቁመት ያክል ነበር። የብስባሽ ሙቀት መሆኑን ለራሴ እየነገርኩ ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

10. አሁን በሁለቱ አቤቱታዎች ላይ ያልጻፍኩትንና ለሰው ተናግሬው የማላውቀውን እጽፋለሁ።

በ1991 ዓ.ም. ለይኩን የዘመቻ መመዝገቢያውን ቅጽ ከቀበሌ ይዞ ወደ ቤት መጣ። እናቱ ገበያ ነበረች። «አባባ፣ ያንተ ጽሑፍ ያምራል፣ ሙላልኝ» አለኝ። ሁለት ዓመት ሥራ አጥቶ ተቀምጦ ነበር፤ እኔም በዚያው ሳምንት «ከአንድ ጎረምሳ ጋር እኩል ማዕድ ስቀርብ አፍራለሁ» ብዬው ነበር። ማዕድ ላይ ነው ያልኩት፤ እጁን ከትሪው ሰብስቦ ተነሳ። ቅጹን ሞላሁለት። ስሙን፣ ዕድሜውን፣ የትምህርት ደረጃውን። የቤተሰብ ስምምነት በሚለው ቦታም ፈረምኩ። ከጎኔ ቆሞ «እንዴት ያምራል!» አለኝ። ደስ አለኝ። እናቱ ማንንም ሳያማክር ራሱ ሄዶ የተመዘገበ ነው የሚመስላት፤ እስከ ዛሬ «ልቡ ደንዳና ነበር» እያለች እሱን ትወቅሰዋለች። እኔም ዝም ብዬ እሰማታለሁ።

ስለዚህ ልጄን በጽሑፍ ያስረከብኩት ሁለት ጊዜ ነው። ሁለቱም ጊዜ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ ሁለቱም ጊዜ ፊርማዬ አለበት። የመጀመሪያው መዝገብ የት እንዳለ አላውቅም። ሁለተኛው ከእርስዎ ዘንድ ነው።

11. ከዚህ በላይ በዘረዘርኩት መሠረት የሚከተለው እንዲፈጸምልኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።

ሀ) ጉድጓዱ ይቆፈርልኝ ያልኩትን ትቼዋለሁ። ለአንድ ሹራብ የሌላ ሰው ልጅ ፍም ውስጥ እንዲገባ አልፈልግም።

ለ) ባለቤቴ እስከ ሰኔ 25 ቀን ድረስ ከድንጋዩ ላይ እንዳያስነሷት ጥበቃዎቹ ይታዘዙልኝ። ከዚያ በኋላ ስላለው እኔ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ።

ሐ) አፈር በሚለብስበት ዕለት፣ መኪናው ወደ ሦስተኛው ጉድጓድ ከመዞሩ በፊት፣ ግማሽ ሰዓት ይሰጠን። ባለቤቴ፣ እኔ፣ የነፍስ አባታችንና የሚመጡ እድርተኞች ገብተን የመጀመሪያውን አፈር በእጃችን እንድናለብስ ይፈቀድልን። የእድሩ ሊቀመንበር ድንኳኑን ከበሩ ውጭ ለመትከል ፈቃደኛ ናቸው፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የተነቀለው ያው ድንኳን ነው። ባለቤቴ ካልፈቀደች አትገደድ። እኔ ብቻዬን እገባለሁ።

መ) ሚያዝያ 3 ቀን 2004 ዓ.ም. በተመዘገበው ገጽ ተራ ቁጥር 22 ላይ «የማያስፈልግ» የሚለውን አንድ ቃል በአንድ መስመር ሰርዤ፣ ከጎኑ ፈርሜ፣ በላዩ «የለይኩን ልደቱ» ብዬ እንድጽፍበት ይፈቀድልኝ። መስመሩም ከዚያ በኋላ «የለይኩን ልደቱ ልብስ፣ 1 ጆንያ» ተብሎ ይነበባል። ቃሉ ይፋቅ ወይም ገጹ ይቀደድ አላልኩም፤ የተሰረዘው ከሥሩ እየታየ ይቀመጥ። ምስክር ይሆኑ ዘንድ አቶ ዲንሳ ይቁሙልኝ። የተረከቡበት መዝገብ እንደማይታረም አውቃለሁ። በዘመኔ «ይታረምልን» ብለው ደጅ የጠኑትን ሁሉ በዚሁ ቃል መልሻቸዋለሁ፤ አሁን ፊታቸው አንድ በአንድ ይመጣብኛል። ቢሆንም እጠይቃለሁ።

ከእነዚህ መካከል አንዱን ብቻ መፍቀድ የሚቻል ከሆነ የመጨረሻው ይፈቀድልኝ። አፈሩን መኪናውም ቢሆን ያለብሰዋል፤ ዝናቡም ያለብሰዋል። ያን ቃል ግን ከእኔ በቀር የሚሰርዘው የለም። ልጄን ሃያ ዓመት አሳድጌው አንድ ቀን እንኳን እንደሚያስፈልገኝ ነግሬው አላውቅም፤ በጽሑፍ ያለው ደግሞ የዚያ ተቃራኒ ነው።

መልሱን በሰሌዳው ላይ ቢለጥፉት ይደርሰኛል። በየጠዋቱ ከዛፉ ሥር ነኝ።

ጊዜዎን ሰጥተው መካከሉን ስላነበቡልኝ እያመሰገንኩ፣ ለእርስዎም ለቤትዎም ጤና እየተመኘሁ፣

ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ልደቱ ወልደ ኢየሱስ

አባሪ፦ የባለቤትነት ማረጋገጫ ተብሎ በተጠየቀው መሠረት አንድ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ለይኩን ልደቱ ሰማያዊውን ሹራብ እንደለበሰ። ሌላ ስለሌለን ከታየ በኋላ ይመለስልን። ያስፈልጋል።

ግልባጭ፦
ለወ/ሮ የማርያምወርቅ
ኮሶ በር፣ ከበሩ በስተግራ፣ ድንጋዩ ላይ
(አቶ ዲንሳ እንዲያነቡላት እለምናለሁ። ተራ ቁጥር 10 ላይ ሲደርሱ ቢያቆሙ፣ እንደ በፊቱ «ጨርሱት» ትላለች። ይጨርሱላት።)